የእልልታውና የተኩሱ ባለቤት

ልጆቼ አድገዋል፤ ሁሉም ከእኔ በላይ ተምረዋል። በበዓል ቀን ሲሰበሰቡ ግን አንዱ የሰማውን ወሬ ሌላው ውሸት ነው እያለ፣ የእናታቸው ወጥ እስኪቀዘቅዝ ይጨቃጨቃሉ። አባት ሲመክር ልጅ ያዛጋል፤ ስለዚህ ከምክሩ በፊት የሆነውን ላስቀድም። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ማዛጋት ካማራችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው፣ ማክሰኝት ላይ የጭነት ማኪና ድምፅ ብርቅ መሆኑ በቀረበት ዘመን እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። ንባብ የለቀምኩት ከጆንያ ላይ ጽሑፍ፣ ከማኪና ጎንና ከመቃብር ድንጋይ ነው። ስለዚህ ንባቤ እንደ ተማሪ ልጅ አይፈስም ነበር፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ እንዳለች በቅሎ እየረገጠ ይሄዳል። ቃል ግን አልዘልም።

አንድ ሾፌር ወዳጄ ከጎንደር በመጣ ቁጥር ጋዜጣ ይጥልልኝ ነበር። የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ጋዜጣ መኖሩንም አላውቅም። በገበያ ቀን የስፌት ማኪናዬን አቁሜ ከበረንዳው ላይ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እህል የጫነ አህያውን ይዞ የሚቆም አለ፤ ቅቤዋን ከጭንቅላቷ ሳታወርድ የምታዳምጥ አለች። አንብቤ ስጨርስ፣ «አያ ውበቱ፣ እንዲያው ይህ ነገር ወዴት ያመራል ትላለህ?» ይሉኛል። ያን ጥያቄ ከእንጀራዬ እኩል እወደው ነበር። ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ብዙ ነው፤ መንግሥት ወዴት እንደሚያመራ የሚጠየቅ ልብስ ሰፊ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ታከለ ራዲዮ ይዞ መጣ።

ታከለ የማኅበር ወንድሜ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ አብረን እንጠጣለን። የመጀመሪያ ልጄ እናኑም የእርሱን ልጅ ስላገባች አማቾች ነን። ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ይታያል። ከብት ሊሸጥ ወደ መተማ ወርዶ ሲመለስ ያን ሣጥን በበቅሎ ጭኖ መጣና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይከፍተው ጀመር። ከባሕር ማዶ በአማርኛ የሚናገር፣ የንጉሡን መንግሥት የሚነቅፍ ጣቢያ ነበረ። ሌላም ጣቢያ ይይዝ ነበር፤ ሰዉ የሚወደው ግን ያን ነው።

የእኔ ጋዜጣ መንግሥት የሠራውን ሁሉ ይክባል፤ የእርሱ ራዲዮ ሁሉን ያፈርሳል። ጋዜጣው መንገድ ተሠራ ሲል ራዲዮው ገበሬው በግድ ድንጋይ ተሸከመ ይላል። መንገዱ ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ሁላችንም እንረግጠዋለን። ጋዜጣ የሚሰማው ሰው «እንዴት ያለ ሸጋ መንገድ ነው!» ይላል። ራዲዮ የሚሰማው በዚያው መንገድ ላይ ቆሞ፣ «ይህ ደግሞ መንገድ ተባለና!» ብሎ ይተፋል። ውሎ ሲያድር አገሩ ሁለት ስም አወጣ፤ የእኔዎቹ ወረቀቶች፣ የእርሱዎቹ ሣጥኖች ተባሉ። ወረቀት ከሣጥን ጥጃ መግዛት ተወ። በወንፈል አብረው ያጭዱ የነበሩ ሰዎች ለየብቻ ማጨድ ጀመሩ።

እኔ ግን ከመለያየቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በረንዳዬ ላይ የሚቆመው ሰው እየሳሳ ሄደ። ሳነብ ማን እንደቀረ እንጂ ማን እንደመጣ ማየት አቆምኩ። ማታ ማታ ሰዎች ወንዙን ሲሻገሩ ሳይ፣ ከገዛ ቤቴ ዕቃ ተሸክመው የሚወጡ ይመስለኝ ነበር። ጋዜጣዬ ሳምንትና ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳል፤ የእርሱ ሣጥን የዛሬን ዛሬ ይናገራል። ደግሞ ማንበብ አያስፈልገውም። ለፊደል ያን ያህል የደከምኩት ለምን ነበር እስክል ድረስ ቀናሁ።

ከሁሉ የባሰው እናኑ ስታረግዝ መጣ። በአገራችን ልማድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሚስቴ ጥሩወርቅ አልጋውን አዘጋጀች፣ የገንፎውን እህል አስፈጨች። እናኑ ግን፣ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙም ሞልቷል፤ እዚሁ እወልዳለሁ» ብላ ላከችብን። ጥሩወርቅ ነገሩን በቅን ተቀብላ፣ ውኃው ጎደል ሲል ሻንጣዋን ይዛ ወደ ማዶ ሄደች። እኔ አልተቀበልኩም። ሰሚዎቼን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ልጄን ወሰደ አልኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ዝናባም ጠዋት፣ የወባ መድኃኒት ረጪዎች ከጎንደር መጥተው ከወንዙ ዳር ቆሙ። ውኃው ደፍርሶ ይጋልባል። ለማየት የወጣ ሰው ከወዲህም ከወዲያም ዳር ተኮልኩሏል። እኔም ከበረንዳዬ አያለሁ። ድንገት ከታከለ ቤት እልልታ ተሰማ። እያረፈ እስከ ሰባት ሄደ፤ ሰባት ለወንድ ነው። ወዲያው ደግሞ ጠመንጃ ጮኸ። ስፌቴን ትቼ ተነሣሁ፤ የልጅ ልጅ አገኘሁ! ረጪዎቹ ውኃው አላሻግር ሲላቸው ዕቃቸውን ጭነው ወደ እንፍራንዝ መንገድ ሄዱ። የሆነው ይህ ነው፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

እኔ ግን መልሼ ተቀመጥኩ። ወንዙ ጎደለ፣ አደይ አበባ ወጣ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊል ተሻገረ። እኔ አልሄድኩም። ጥሩወርቅ ስትመለስ፣ «ምነው? ሕፃኑም ሣጥን ነው እንዴ?» ብላኝ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የታከለ ራዲዮ፣ የበጌምድር ገበሬዎች በማክሰኝት አጠገብ ተኩስ ከፍተው የመንግሥትን ሰዎች ከወንዝ እንደመለሱ ተናገረ። ማን ወሬውን እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሣጥኖች በደስታ ሰከሩ፤ ስማቸው ባሕር ተሻግሮ ተሰማ። ሳምንት ቆይቶ የእኔ ጋዜጣ ደረሰ። የማክሰኝት አካባቢ ሕዝብ መድኃኒት ረጪዎችን በእልልታና በሆታ ተቀበለ ይላል። በገበያ መካከል ቃል ሳልዘል አነበብኩት። ያን ቀን ከጠፉት ሰሚዎቼ ብዙዎቹ ተመለሱ። አያ ገሠሠ የሚባል፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቆም ሽማግሌ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ «እውነት ነው! እኔ ራሴ እዚያው ነበርኩ፤ እልልታውን ሰምቻለሁ!» አለ። መስማቱስ ሰምቷል። በረንዳው እንደገና ሞልቶ ሳይ እኔም ዝም አልኩ።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው የጥቅምት ማርያም ዕለት ነው። ጽዋው የታከለ ተራ ነበረ። ባኮርፍም ከማኅበር መቅረት አልችልምና ጥሩወርቅን አስከትዬ ተሻገርኩ። ያ ቤት አራስ ስላለበት፣ አርባው ሳይሞላ ካህን አይገባም ተብሎ ከግቢው ዳስ ተጥሏል። ወረቀቶች በአንድ ወገን፣ ሣጥኖች በአንድ ወገን ተቀምጠው መካከላቸው በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ትተዋል። የነፍስ አባታችን መምሬ ገብሩ ከራስጌ ሆነው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ያያሉ።

ታከለ ተነሥቶ ተቀበለኝ። «እንኳን ደህና መጣህ ውበቱ። ወር ሙሉ መንገዱ ጠፍቶህ ነበር?»

«ሣጥንህ መንገድ ያሳያል ሲሉ ሰምቼ መጣሁ» አልኩት።

ግማሹ ዳስ ሳቀ።

«ግባና ልጅህን እያት» አለኝ፤ እርሱ አልሳቀም።

ገባሁ። ከመደቡ በላይ ራዲዮው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። በጨርቁ ዳር ያለውን ጥልፍ አወቅሁት፤ የእናኑ እጅ ነው። ለእኔ ጋዜጣ መያዣ ጠልፋልኝ አታውቅም። እዚያው ቆሜ ስለዚያ ጨርቅ ሳስብ ከመጋረጃው ወዲያ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ።

እናኑ ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ሕፃኑ ከጎኗ ተኝቷል።

«እናኑ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርድ ነው አባዬ። መጣህ?»

«በጠራራ ፀሐይ የምን ብርድ ነው?»

«ቀን እየዘለለ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያቃጥለኛል። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ሥራ ላይ ናት።»

ግንባሯን ነካሁት። የወባ ንዳድ ነው። በዚያ ወራት በየደጁ ሲገባ የከረመው ይኸው በሽታ ነው። «ሕፃኑስ?»

«እስካሁን ደህና ነው። እየው እንጂ።»

ገልጬ አየሁት። የታከለን ሰፊ ግንባር ይዞ ወጥቷል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት በዚያም ቀናሁ።

ወጥቼ ታከለን ከዳሱ ኋላ ጠራሁት። «ልጄን ንዳድ ይዟታል።»

«አውቃለሁ። ጠበል አስመጥቻለሁ።»

«ጠበሉ ሸጋ ነው። ረጪዎቹ ግን ዛሬ ይመጣሉ ተብሏል፤ ክኒንም ይዘዋል። ቤትህን አስረጭና ክኒኑን ተቀበል።»

«ቤቴ ላይ ቁጥር አይጻፍም!» አለ። ረጪዎቹ የረጩትን ቤት ለማወቅ በበሩ ላይ በቀለም ቁጥር ይጽፉ ነበር። «ቁጥር የተጻፈበት ቤት ግብር ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ ርስቱ ይለካል።»

«ማን አለ?»

«ማን አለ ትለኛለህ? ሁሉ ያውቃል።»

«ሁሉ ማለት ሣጥንህ ነው።»

«ያንተ ወረቀት ደግሞ እልል ብላችሁ ተቀበላችሁ ይለናል። አንተ እልል ብለሃል ውበቱ? እስቲ ንገረኝ፣ እልል ብለሃል?»

«የአንተስ ሣጥን ተኩሰው መለሱ ብሏል። ማን ነው የተኮሰው?» አልኩት። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም የሌላውን አፍ እንጠብቃለን። ቀድሞ የተናገረ ሰው ወገኑን ያዋርዳል።

በዚህ መካከል ከዳሱ ውስጥ ጩኸት ተነሣ። ሙላት የሚባል ጎልማሳ፣ ከሣጥኖች ሁሉ የበረታው፣ ቆሞ ይናገራል። «ረጪዎቹ ዛሬ ፖሊስ አስከትለው ወርደዋል! ወንዙ ዳር ደርሰዋል። ልጆቻችን ጠመንጃቸውን ይዘው መሻገሪያው ላይ ናቸው። እንደ ባለፈው ተኩሰን እንመልሳቸዋለን!»

አያ ገሠሠ ከወረቀቶች በኩል ተነሣ። «የምን እንደ ባለፈው? ባለፈው እልል ብለን ነው የተቀበልናቸው! በጋዜጣ ወጥቷል!»

«እኔ እዚያው ነበርኩ! ተኩሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«እኔም እዚያው ነበርኩ! እልልታውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ልጆቼ፣ ጽዋው በመካከላችሁ ነው» አሉ መምሬ ገብሩ። የሰማቸው የለም።

ፖሊሱ ለምን እንደመጣ አስቡት። ረጪዎቹ ባለፈው ያለ ፖሊስ ነበር የመጡት። ራዲዮው ተኩሰዋል ሲል ወረዳው ፈራና ፖሊስ ጨመረ። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ያልተኮሱት ልጆች ጠመንጃ አነሡ። ያልሆነው ነገር በገዛ እግሩ ሊሆን መጣ። እናኑም ከመጋረጃው ወዲያ ትንቀጠቀጣለች፤ ክኒኗ ከወንዙ ማዶ ነው።

ጥሩወርቅ ሞሰብ ተሸክማ ከጓዳ ወጣች። መሬት ላይ አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። «እናንተ ሰዎች፣ የእልልታው ባለቤት እኔ ነኝ!»

ሙላትና አያ ገሠሠ እንደቆሙ ወደ እርሷ ዞሩ።

«እኔና የታከለ ሚስት አለምነሽ ነን ሰባት ጊዜ እልል ያልነው። ልጃችን ወንድ ወልዳ ነው። ስለ መድኃኒት እልል የምትል ሴት የት አይታችኋል?» ከጓዳ ሴቶቹ ሲስቁ ተሰማ።

አያ ገሠሠ ፊቱ ቀላ። «ሴት ከጋዜጣ ታውቃለች? አያ ውበቱ፣ አንተ አንባቢያችን፣ እስቲ ተናገር። ጋዜጣው ሐሰት ነው ትላለህ?»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሐሰት ነው ብል በረንዳዬ ባዶ ይቀራል፤ ታከለም በእኔ ላይ ይስቃል። ሙላት ደግሞ ወደ ታከለ ዞሮ፣ «እልልታው ለሕፃኑ ቢሆን እንኳ ተኩሱ በመንግሥት ላይ ነው! አይደለም ወይ ጋሼ ታከለ?» አለ። ታከለ መሬት መሬት አየ።

«እንዲያ ከሆነ ተኩሱ ለሕፃኑ ነው፤ እልልታው ግን የመንግሥት ነው!» አለ አያ ገሠሠ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ፈነቀለኝ። ጽድቅ አይደለም፤ ጽድቅ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይመጣ ነበር። ቅናት ነው። ሰሚዎቼን ተቀምቻለሁ፣ ልጄን ተቀምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ገና ያላቀፍኩትን የልጅ ልጄን እልልታ ከፊቴ ሲካፈሉት አየሁ።

«የልጅ ልጄን እልልታ ለማን ነው የምትሰጡት?» ብዬ ጮህኩ። «ያ እልልታ የእርሱ ነው! የመንግሥትም አይደለም፣ የጋዜጣም አይደለም! ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ ሰባቱንም ሰምቻለሁ!»

ታከለ እንደተነካ ሰው ብድግ አለ። «የልጅ ልጄ? የአንተ ብቻ ነው? ተኩሱ የእኔ ነው! በገዛ ጠመንጃዬ፣ በገዛ ደጄ ላይ የተኮስኩት ለልጅ ልጄ ነው! ባሕር ማዶ ያለ ሰው አይወስደኝም!»

«ተኩሱንም ሰምቻለሁ!»

«ሰምተህ ምነው አልመጣህ?»

ከቤት ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ።

ታከለ ጋቢውን ጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። መሻገሪያው ላይ ልጆቹ ከሾላው ሥር ተኝተው ጠመንጃቸውን ደግነዋል። ከማዶ ፖሊሶቹ ከማኪናው ኋላ ተንበርክከዋል። ረጪዎቹ ጀርባቸው ላይ ጣሳ እንዳዘሉ መካከል ቀርተዋል።

ታከለ ልጆቹ ፊት ቆመ። «አውርዱ! ባለፈው የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ወንድ ልጅ ተወልዶልን ነው። ማንንም አልመለስንም። የመለሳቸው ውኃው ነው።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላችን የደረሰው ሙላት ሳቀ። «አማቹ አሳምኖት ነው። በራዲዮ የተነገረውን ራሱ ሲክድ አያችሁ?»

«የተኮስኩት እኔ ነኝ እያልኩህ!»

«ፈርተህ ነው ጋሼ ታከለ። ፈርተሃል።»

አያ ገሠሠም ከበላዬ፣ «ውበቱ ሣጥን ሆነ! ስንት ሰጡት?» ሲል ሰማሁት።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደነቅሁበት የለም። ተኳሹ ተኮስኩ ይላል፤ እልል ያለችው እልል አልኩ ትላለች። እነርሱ ግን ከተኳሹ ይልቅ ስለ ተኩሱ የተወራውን ያምናሉ። አብረው ዳር ቆመው የነበሩ ሰዎች ናቸው! ዓይናቸውን አላጡም። ዓይናቸው ያየውን ለወገናቸው አስረክበው፣ ወገናቸው የመለሰላቸውን ነው የያዙት።

ታከለ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገባ። ልጆቹ እርሱን መተኮስ አይችሉም፤ የብዙዎቹ ክርስትና አባት፣ የሁሉም ሽማግሌ ነው። እኔም ገባሁ። የምሞት መስሎኝ ነበር፤ ታከለ ብቻውን ተሻግሮ ልጄን ያዳነ እርሱ እንዲባል ግን አልፈለግሁም። ይህንንም የምነግራችሁ እውነት ስለሆነ ነው።

ማዶ ስንወጣ የረጪዎቹ አለቃ፣ የጎንደር ልጅ ነው፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ሕዝቡ ይተኩሳል ብለውን ነበር» አለ። ጓደኛው ደግሞ፣ «እኔ ያነበብኩት እልል ይላል የሚል ነው» አለ።

«ሁለቱም አለ» አለ ታከለ። «ወንድ ልጅ ተወልዶልናል። ክኒን ይዛችኋል?»

ከአንዱ ጀርባ ጣሳውን አውርዶ እርሱ አዘለው። እኔ የመድኃኒቱን ቦርሳ ያዝኩ። ፖሊሶቹ እዚያው ቀርተው፣ አለቃው በመካከላችን ሆኖ ተሻገርን። ከሾላው ሥር ልጆቹ አንድ በአንድ ጠመንጃቸውን አጋድመው ወደ ሜዳው ወጡ። የተተኮሰ የለም። የተለወጠ ሰውም የለም።

ከእናኑ አልጋ ዘንድ ስንደርስ ውኃውን እርሱ፣ ክኒኑን እኔ ያዝን፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰጣት ተያየን። እናኑ በትኩሳቷ መካከል ሳቀች። «ሁለታችሁም ስጡኝ፤ ክኒን ያለ ውኃ አይዋጥም» አለች። ቤቱ ተረጨ። አለቃው በሩ ላይ ቁጥሩን ሲጽፍ ታከለ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ዓይኑን ጨፈነ። እናኑ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተነሣች። ሕፃኑን ንዳድ አልነካውም።

ከወንዙ ማዶ የሣጥኖች በር ሁሉ ግን ተዘግቶ ቀረ። ሙላትም አላስረጨም። የገና ጾም ሳይገባ ትንሿ ሴት ልጁ በንዳድ ሞተች። ልቅሶ ደረስኩ። አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደምለው ሳስብ፣ እርሱ ቀደመኝ። «ያን ቀን ወንዙን ባታሻግሯቸው ኖሮ በሽታው አይገባም ነበር። ያመጡት እነርሱ ናቸው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንባው እየወረደ ነው። ልጁን ቀብሮ እንኳ ያመነውን አልቀበረም። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጋዜጣዬ እንደገና መጣ፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለ ይላል። ራዲዮውም ሕዝቡ በጠመንጃ ቆሞ ታግሏል አለ። ሁለት አማቾች ሱሪያቸውን ሰብስበው ጣሳ ተሸከሙ ያለ የለም።

የሕፃኑ ክርስትና ቀን ታከለ ሰንጋ ጣለ። ጥሩወርቅና አለምነሽ ጠላውን በጋን በጋን ጠመቁ። ሣጥኖች ታከለ ከድቶናል ብለው ቀሩ፤ ወረቀቶች ውበቱ ሸጠን ብለው ቀሩ። የማርያም ማኅበራችንም ከዚያ ወር ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ። መምሬ ገብሩና ጥቂት ዘመድ በልተው ሲሄዱ፣ ያን ለሚያህል ሰው በተጣለ ዳስ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ለሰሚ ስንፎካከር የኖርን ሰዎች ሰሚ አጣን።

«ውበቱ፣» አለኝ ታከለ ጠላውን እየቀዳ፣ «ዛሬ ምን ወሬ ሰማህ?»

«ሕፃኑ ሲያስነጥስ ሰማሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ። በዚያ ተስማማን። ከተስማማንበት ነገር ሁሉ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ጋዜጣ አታንብቡ፣ ራዲዮ አትክፈቱ አልልም። እኔም ማንበብ አልተውኩም፤ ታከለም ራዲዮውን አልሰበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ልማድ ያዝኩ። ወሬው ልቤን ሲያሞቀው እጠራጠራለሁ። ደስ ያለኝ እውነት ስለሆነ ነው፣ ወይስ ታከለን ስለሚያሳፍርልኝ? ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ያሳፍረኛል። ውሸት የሚዘራው ሩቅ ያለ ሰው ነው፤ ማሳውን አርሶ የሚጠብቀው ግን የእኛ ቅናት ነው። ስለ ደጃችሁ የሚወራ ነገር ስትሰሙም አስቀድማችሁ ጓዳ ግቡና ሴቶቹን ጠይቁ። ያን ቀን ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ታከለ ካረፈ ቆይቷል። ሕፃኑ ዛሬ ጎንደር የሚማር ጎረምሳ ነው፤ ግንባሩ አሁንም የታከለ ነው። ባለፈው ፋሲካ ልጆቼ ስለ ወሬ ሲጨቃጨቁ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ በተወለድኩ ቀን ሕዝቡ ተኩሶ ነበር የሚሉኝ አሉ። እልል ብሎ ነበር የሚሉኝም አሉ። አንተ ነበርክ። ምን ሆነ?»

ሁሉም አዩኝ። ያ በረንዳ ትዝ አለኝ፤ እንደዚያ ሰው ተሰብስቦ አፌን ሲጠብቅ ስንት ዘመኔ ነው!

«ዝናብ ነበረ» አልኩት። «ወንዙ ሞልቶ ነበር። እናትህ በደህና ወለደችህ። አያትህ ጥሩወርቅ እልል አለች። አያትህ ታከለ ተኮሰ። እኔ አልመጣሁም።»